ቁጥር አርባ አንድ ስንት ልጅ አለው

ከላስ ሴይባስ መንደር፣ ከዶን ሴራፊን መኖሪያ ቤት፣ በአባወራው ሙሉ ሥልጣን፣ በቅርብም በሩቅም ላለው ቤተ ዘመድ የሚከተለው በይፋ ይገለጻል፦ ጄኔራሏ የተባለችው ቀይ ዶሮ ከሁለት ዓመት ከአራት ወር ፍጹም ዝምታ በኋላ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ እንቁላል ጥላለች። እንቁላሉ ጤነኛ ነው፤ እናቲቱም በመልካም ሁኔታ ላይ ትገኛለች። ጎረቤቶች እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሏት መጥተው ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረጓ አንዱንም ሳታናግር ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ማንጎው ሥር ሄዳለች።

ይህን ታላቅ ዜና ካደረስኩ ዘንድ ወደ ተራው ነገር እገባለሁ።

ውድ የልጅ ልጄ ሲዮማራ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ቦነስ አይረስ በኦገስት ብርድ ነው የምትይውን ነገር እስከ ዛሬ አላመንኩሽም፤ ቢሆንም ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ሳልሽስ ለቀቀሽ? ደኅና አድርገሽ ትበያለሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ፣ ዓይንሽን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሺ፣ ደረቅ ዳቦ ትገምጫለሽ? እንቅልፍሽስ? ባለፈው በስልክ ሳይሽ ከዓይንሽ ሥር ከሰል ሻጭ ጣቱን የጠረገበት ይመስል ነበር። አከራይሽ ሴኞራ ኔሊዳስ ደኅና ናት? ያ ሰው ሁሉ ላይ የሚጮኸው ትንሽ ውሻዋስ እስካሁን በሕይወት አለ?

እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ዝናቡን ከሬዲዮ ቀድሞ ይናገራል፤ እንደ ሬዲዮም አንዳንዴ ይዋሻል። ተራራችን ሳን ክሪስቶባል ሰሞኑን እያስነጠሰ ስለሆነ እናትሽ አራሰሊ አጥባ ያሰጣችው አንሶላ ሁሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ለብሶ ይገባል፤ እሷም እንደገና ታጥባለች፣ ተራራውንም እንደገና ትረግማለች። የቀረው ድካም ነው። ተኝተው የሚነሡበት የቀን ሥራ ድካም አይደለም። አንዱን ነገር አርባ ዓመት ሙሉ ለልዩ ልዩ ሰው ሲያስረዱ የኖሩበት ድካም ነው። ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ባለፈው ወር ስትደውይ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «አባባ፣ ሰዎቹ ዋሽተውኛል እንዴ?» ነበር ያልሽው። እኔም «ወንድ ስለዚህ ጉዳይ ተጠይቆ ያልዋሸው መቼ ነው?» ብዬ አሳቅሁሽና ስለ ማንጎው ማውራት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ልደውልልሽ ስልኩን አንሥቻለሁ። አንዴማ ፊትሽ ብቅ ካለ በኋላ የጨው ዋጋ እዚያ ስንት እንደሆነ ጠይቄሽ ዘጋሁት። ፊትሽን እያየሁ የማልናገረው ነገር ስለሆነ ወረቀት ያዝኩ። ደብዳቤውን ወደ እናንተ ከተማ ለሥራ የምትሄደው የጎረቤታችን ልጅ ታደርስልሻለች።

ነገሩ እንደ ገባኝ መልሼ ልንገርሽ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። በወጣትነታችን በሙዝ እርሻው ውስጥ የሙዝ ሥር የሚበላውን ትል መግደያ መድኃኒት መሬት ውስጥ ስንወጋ የኖርን የስልሳ አራት ሽማግሌዎችን ደም ወሰድሽ። ደማችን አንቺ እንደ ጠረጠርሽው ተናገረ። ያኔ ያስረዳሽኝ ምሳሌ ደስ ብሎኝ ለስንቱ ሰው ነግሬዋለሁ፦ ጭንቅላት እንደ እርሻ አለቃ ነው፤ ታች ያሉት ሠራተኞች ዘር እንዲያመርቱ ትእዛዝ ይልካል፤ ካልሠሩለት ድምፁን ከፍ እያደረገ ይጮኻል። በእኛ ደም ውስጥ አለቃው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ ታች ግን አቤት የሚለው የለም። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው አብሮሽ የመጣው ፌዴሪኮ በመጠይቁ ላይ የሞላው ነው። በመጠይቁ መሠረት እኛ ባዶዎቹ፣ መድኃኒቱን በዓይናቸው አይተው ከማያውቁት ከወንዙ ማዶ ሸንኮራ ቆራጮች እኩል ልጆች አሉን፤ እንዲያውም በጥቂት እንበልጣቸዋለን። ፕሮፌሰርሽም ወይ ደሙ ይዋሻል ወይ አፉ ይዋሻል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ አላሳትምም አለችሽ። እስከ ኖቬምበር መልስ ካላገኘሽ የአራት ዓመት ሥራሽ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። እኛም አብረን እንገባለን ማለት ነው። ከዚህ በፊት የብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ ገብተናል፤ የጠበቃም፣ የሚኒስትርም፣ የጋዜጠኛም። የገዛ ልጃችን መሳቢያ ግን የመጨረሻው ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ደሙም አልዋሸም፣ አፉም አልዋሸም። ጥያቄው ነው የተበላሸው።

ያን ቀን አስቢው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በሕፃናት ወንበር ላይ ተኮልኩለን ጉልበታችን ጆሯችን ጋ ደርሶ ነበር። አንቺ ነጭ ካፖርትሽን ለብሰሽ ከደም ጠረጴዛው ጀርባ ተቀመጥሽ፤ ዘመድ ዘመዱን አይጠይቅም፣ የጥናቱ ደንብ አይፈቅድም ብለሽ መጠይቁን ለፌዴሪኮ ሰጠሽው። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ያ ዝምተኛ ሐኪማችሁ የወንድ ፍሬ የሚለካበትን፣ ከባቄላ ጀምሮ እስከ ዶሮ እንቁላል የሚያህሉ የእንጨት ዶቃዎች የተሰኩበትን ገመድ ይዞ ይጠብቀን ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዕቃውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ትምህርት ቤቱን የምትጠርገው ዶኛ ኤርሜሊንዳ ገመዱን ጠረጴዛ ላይ አግኝታ መቁጠሪያ መስሏት አማትባ ስትስመው አበልጄ ቺሎ ምን እንዳላት ታስታውሻለሽ? «ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ጸሎቱን ከትልቁ ዶቃ ይጀምሩልኝ፣ የእኔ እሱ ነው» አላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም እስከ ዛሬ ስታገኘው በመጥረጊያ ታባርረዋለች። ቺሎ ተራው ደርሶ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ሲወጣ ግን «የቱ ሆነ?» ብለን ስንጠይቀው ሦስት ጣቱን ከታች በኩል አሳየን፤ ከትንሹ ሦስተኛው። ከዚያ በኋላ ማታ እስክንለያይ አንድ ቀልድ አልቀለደም።

ፌዴሪኮ ደግ ልጅ ነው፤ ሰላም በይልኝ። «ስንት ልጅ አለዎት?» ብሎ አንድ በአንድ ጠየቀን። ቺሎ አምስት አለ። እኔ «አንድ፣ ግን ለስድስት ይበላል» አልኩት። አንድ ብሎ ጻፈና ቁጥሬን ሰጠኝ፤ አርባ አንድ። በመጨረሻም «ከተናገሩት ውስጥ ማረም የሚፈልጉት አለ?» አለኝ። የለም አልኩ።

ፌዴሪኮ ከሩቅ የመጣ ነውና የማያውቀው፣ አንቺም ማናጓ ከአክስትሽ ዘንድ ስላደግሽ ስሙን ሰምተሽ ልኩን ያላየሽው አንድ ነገር አለ። እዚህ ያሳደጉት ልጅ ልጅ ነው። የማደጎ የሚባል ቃል እያለን አንጠራውም። በእኛ ጊዜ እርሻው ውስጥ የሚሠሩት ወንዶች ቤት ልጅ እንቢ ሲል፣ አንዷ እህት ከስድስቱ አንዱን፣ አንዷ የአክስት ልጅ መንታ ወልዳ አንዱን፣ አንዷ ምስኪን ገና ያላገባችውን ጽንሷን፣ እንደ ሙዝ ችግኝ ከጓሮ ወደ ጓሮ ስታዛውር ኖረች። ወረቀት የለ፣ መሐላ የለ። ሕፃኑ የተቀበለውን ቤት ስም ይዞ ያድጋል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ መንደሩ ሁሉ ዝም ይላል። መጠጥ ቤት ውስጥ አንዱ ጠጥቶ «ያንተ እኮ አይደለም» ቢል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቅሶ ቤት ወንበር የሚሰጠው የለም። አይቻለሁ። ስለዚህ ስንት ልጅ አለህ ሲባል ሰው ሁሉ በንጹሕ ልቡ መልሷል። ፌዴሪኮ ማንን እንዳሳደግን ጠይቆን፣ ማንን እንደ ወለድን አድርጎ ጻፈው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ምን ላድርግ? ዝም ብል ሥራሽ ይሞታል። ብናገር የሰው ቤት ይናጋል። መጀመሪያ ቺሎ ዘንድ ሄድኩ። ከጓሮው በቆሎ እየፈለፈለ ነበር። ልጁ ማርሌኒ ከቤት ውስጥ አይብ ስትሠራ ይሰማል፤ አምሳ ዓመቷ ነው፣ አሁንም ጫማውን የምታወልቅለት እሷ ናት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም አስረዳሁት። እስክጨርስ አንድ ራስ በቆሎ ጨረሰ።

«አበልጄ» አለኝ፣ «አሁን አንተ የምትለኝ ለአንድ ወረቀት ብዬ ይህችን ልጅ እንድክዳት ነው?»

«መካድ አይደለም። ለጥናቱ ብቻ ነው። ስም የለውም፣ ቁጥር ነው።»

«ቁጥሩ እኔ ነኝ። ስሙ ባይኖር እኔ አላውቀውም?»

«ሲዮማራን ታውቃት የለ፣ አፏ እንደ መቃብር የተዘጋ ነው።»

«እሺ» አለና ቆረቆንዳውን ወረወረው። «ለሲዮማራ መጀመሪያ ማን እንደሚነግራት ታውቃለህ? አንተ። የራስህን በር ሳትከፍት የሰው በር አታንኳኳ፣ ሽማግሌ።»

ያን ቀን ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አሁን የኔ ልጅ፣ ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ።

አያትሽን ዶሚቲላን ሳገባ እርሻው ውስጥ ከገባሁ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ያን ረጅም ብረት መሬት እየወጋን መድኃኒቱን እንጨምራለን፤ ሲረጭ እጃችን ላይ፣ እግራችን ላይ ነው፤ በዚያው እጃችን ምሳችንን ጠቅልለን እንበላለን። አለቃው የሚገድለው ትል ብቻ ነው ብሎናል፤ እኛም ትል አለመሆናችንን አምነን ዝም አልን። ሦስት ዓመት ልጅ አልመጣም። ጥፋቱ የሷ ነው ተባለ። ተባለ ብዬ ላምልጥ አልችልም፤ ያልኩት እኔ ነኝ። የማትጠጣው ቅጠል አልነበረም። እንደ ሬት የሚመርረውን ሥር ማለዳ ማለዳ እያፈላች ዓይኗን ጨፍና ትጨልጠው ነበር፤ እኔም ብርጭቆው ባዶ መሆኑን እመረምር ነበር። በየዲሴምበሩ ኤል ቪዬሆ ድረስ በእግሯ ሄዳ በስለት የማርያም ቤተ ክርስቲያኑን የብር ዕቃ ከሴቶቹ ጋር ታጥባለች፤ ያጠበችበትንም ጥጥ ይዛ መጥታ ሆዷ ላይ ታስረዋለች። ሦስት ዲሴምበር እንደዚያ ሆነ።

በአራተኛው ዓመት አንድ እሑድ የአክስቷ ልጅ ኢስማኤላ ከኮሪንቶ በባቡር መጣች። አዎ፣ በልደትሽ ቀን የኮኮናት ጣፋጭ የምትልክልሽ ኢስማኤላ። በዓሣ ቅርጫት ውስጥ የአሥራ ዘጠኝ ቀን ሕፃን ይዛ ነበር፤ ሰባተኛ ልጇን። ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ዶሚ፣ ይኼ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። እኔ ደክሞኛል፣ አንቺ ደግሞ እንቅልፍ በዝቶብሻል። ያዢው» አለቻት። ሌላ ቃል አልተጨመረም። ምሳ በልታ በማታው ባቡር ተመለሰች። እውነትም ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ። ቤቱ ለሁለት ሳምንት ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ስሙን ኤቬሊዮ አልነው።

አባትሽ እሱ ነው።

ስለዚህ ያ ስንት ዓመት የፎከርኩበት ጆሮሽ የእኔ አይደለም። በሄድኩበት ሁሉ «ጆሮዋን እዩት፣ የሴራፊን ነው» ስል መንደሩ ራሱን እየነቀነቀ «ቁርጥ አንተን» ይለኝ ነበር። እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው። ጆሮው የኢስማኤላ ባል ጆሮ ነው፤ ወደብ ላይ ዕቃ የሚጭን፣ በጆሮው ትልቅነት ለፀሐይ ባርኔጣ የማያስፈልገው ሰው ነበር።

አባትሽ ጎረምሳ በነበረ ጊዜ አንድ ሐኪም ከከተማ መጥቶ ነገሩ ከእኛ ከወንዶቹ መሆኑን ነገረን። ወደ ቤት ገብቼ ለዶሚቲላ ነገርኳት። «እንግዲያ ያን ሁሉ መራራ በከንቱ ጠጣሁት» አለች። በማግስቱ ማለዳ ያንኑ ሥር አፍልታ አንድ ብርጭቆ ሙሉ አቀረበችልኝ። «ለምኑ ነው?» ብላት «ለፍርድ ነው» አለችኝ። ዘጠኝ ቀን አጠጣችኝ፤ ብርጭቆውንም ትመረምር ነበር። በዐሥረኛው ቀን ቡና ሰጠችኝና ዳግመኛ አላነሣችውም። ነፍሷን ይማረው፣ ከዚያ የበለጠ ፍርድ ቤት አላጋጠመኝም።

ለኤቬሊዮ ግን ሁለታችንም አልነገርነውም። ነገ እያልን ዶሚቲላ ሞተች፤ እኔም ነገን ብቻዬን ወረስኩት።

እንግዲህ ከቺሎ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ቅዳሜ ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት አባትሽ ማንጎው ሥር አስቀምጦ ጢሜን ይላጨኛል፤ የእኔ እጅ ምላጭ ከያዘ ደም መለገስ ነው። ፊቴን ሳሙና ቀባኝ፣ ግራ ጉንጬን ጨረሰ፣ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ ሲያደርስ ነገርኩት። ጊዜውን መርጬ ነው። የሚለኝ ነገር ካለ መሣሪያው በእጁ ይሁን ብዬ ነው፤ ደግሞም ሳሙና የተቀባ ሽማግሌ ዓይን ዓይኑን አያዩትም።

ምላጩ ቆመ። ሳሙናው ፊቴ ላይ ሲደርቅ ይሰማኝ ነበር።

«ማን ማን ያውቃል?» አለኝ።

«መንደሩ ሁሉ።»

«ሁሉም?»

«ጳጳሱ ሳይሰሙ አይቀሩም።»

አልሳቀም። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ ነኛ የማላውቀው» አለ። ምን እላለሁ? አዎ አልኩት። ከዚያ ሁለት ጣቱን አገጬ ሥር አስገብቶ «ቀና በል፣ አባዬ፣ የቀኙ ቀርቷል» አለኝ። የቀኙን ጉንጭ ላጨ። ከወትሮው ቀስ ብሎ ነው የላጨው፤ አንድ ቦታ እንኳ አልቆረጠኝም። ፎጣውን አራግፎ ከሰጠኝ በኋላ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እሑድም፣ ሰኞም አልመጣም። ያን ሁለት ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልጽፍልሽም። ማክሰኞ ማታ በትንሽ ድስት ሾርባ ይዞ መጣ። ቆሞ እስክበላ ጠበቀኝ። «ለሲዮማራ በስልክ እንዳትነግራት» አለኝ። «ጻፍላት። ደሜን ለማመሳከሪያ ከፈለገች ትውሰድ በላት። ኢስማኤላ ዘንድ ደግሞ እኔው እሄዳለሁ።» በሩ ላይ ደርሶ ዞረና «ቅዳሜ ጢምህን ራስህ እንዳትነካው» አለ።

ከዚያ ወዲያ ቀላል ነበር ብልሽ ልዋሽሽ ነው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ፣ የወለድነውና ያሳደግነው በሁለት ዓምድ እንደሚጻፍ አስረድቼ፣ ቆሜ ተናገርኩ። «ቁጥር አርባ አንድ እኔ ነኝ። የወለድኩት የለም። ያሳደግሁት አንድ ነው» አልኩ። ከዚህ የበለጠ አጭር ንግግር በሕይወቴ አላደረግሁም፤ ከዚህ የበለጠም አላደከመኝም። ማንም አላጨበጨበም። በመጨረሻ ቺሎ ከኋላ ተነሥቶ «በወረቀቱ ላይ የትኛው ነው የሚቀድመው?» አለ። አልገባኝም። «ሁለት ዓምድ ይኖራል አላልክም? ያሳደግናቸው ይቅደሙ። የወለድናቸው ከኋላ ይምጡ። እንደዚያ ከሆነ እኔም እሰጣለሁ» አለ። ሌሎቹም ይኼማ ደንብ ነው አሉ። ቺሎ መጀመሪያ ቤቱ ሄዶ ለማርሌኒ ነገራት። ምን እንዳለችው አልነገረኝም፤ ግን ስመጣ ጫማውን እንደ ወትሮው እያወለቀችለት አገኘኋት።

ከስልሳ አራታችን ስድስቱ ሞተዋል፤ ስድስተኛውን ባለፈው ሳምንት ቀበርን። ለሙታን ማንም እንዳይመልስላቸው ተስማምተናል። ሰባቱ እንቢ ብለዋል፤ አትውቀሻቸው፣ ቤታቸውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሃምሳ አንዱ ነግረውኛል። ልጆቻቸው ሳይሰሙ ምንም አልጻፍም ብዬ ስላስገደድኳቸው መንደሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኑ ቀልቶ ሰነበተ። ሃምሳ አንድ ሰዎች ያሳደጓቸው ልጆች መቶ ስልሳ ሦስት። የወለዷቸው ስልሳ አንድ፤ ከእነሱም ሃምሳ ሁለቱ የተወለዱት አባቶቻቸው ወደ እርሻው ሳይገቡ ነው። ከገቡ በኋላ የተወለዱት ዘጠኝ። አለቃው ለምን እንደሚጮኽ አሁን አፉም ነግሮሻል።

ይህ ወረቀት ለጥናትሽ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሽማግሌ በእርሳስ የሞላው ነው። ፌዴሪኮን እንደገና ላኪው፣ ራሱ ይጠይቅ፣ ራሳቸው ይፈርሙ። አሁን ይመልሱለታል። ዓምዱን ግን እንዳይገለብጠው። ሸንኮራ ቆራጮቹንም በዚያው አጠያየቅ ይጠይቃቸው፤ እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ። ያቺ ፕሮፌሰር ለምን ያሳደጓቸው ቀደሙ ብላ ብትጠይቅሽ፣ የላስ ሴይባስ ሽማግሌዎች ያለዚያ ደማችንን መልሰን እንወስዳለን ብለዋል በያት።

ላንቺ የሚቀረው አንድ ነገር ነው። ደብዳቤዋን ስታነቢ ምን እንደሚሰማሽ አላውቅም፣ አልገምትም። ብትቆጪ ተቆጪ፤ ጥቂት ጊዜ ባትደውይም እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ ከለመድኳቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ስትደውይ ግን ምን ብለሽ እንደምትጠሪኝ አትጨነቂ። አባባ ካልሽኝ አቤት እላለሁ።

አባትሽ ብዙ ሰላም ይልሻል፤ ብሩሹንና ሳሙናውን ይዞ አጠገቤ ቆሟል፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። እናትሽ አራሰሊ ወፍራም ካልሲ ልኬልሻለሁ፣ አድርጊው ትላለች። አበልጄ ቺሎ ያቺን የዶቃ ገመድ ዳግመኛ ይዘሽ እንዳትመጪ ይላል፤ ማርሌኒም አይቡን ስትመጪ ትበያለሽ ትላለች። ኢስማኤላ ከኮሪንቶ ሰላም ብላለች። አክስት ልትያት ትችያለሽ፣ ሌላም ልትያት ትችያለሽ፤ እሷ ለሁሉም ጣፋጭ ትልካለች። አንቺም ለሴኞራ ኔሊዳ፣ ለፌዴሪኮ፣ ለፕሮፌሰርሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለውሻው አታድርሺልኝ።

አያትሽ ሴራፊን
ላስ ሴይባስ፣ ቺናንዴጋ
ኦገስት 26 ቀን 2023

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ፌዴሪኮ ያን ቀን ማረም የሚፈልጉት አለ ወይ ብሎኝ የለም ብዬ ነበር። አሁን አለኝ። ጄኔራሏ እንቁላል አልጣለችም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእውነት መጀመር ስላቃተኝ ከራሴ የፈጠርኩት ነው። ዛሬ ጠዋትም ጎጆዋን አይቻለሁ፤ ባዶ ነው፤ እሷም ከነኩራቷ ማንጎው ሥር ትጭራለች። ሌላው ሁሉ እንደ ጻፍኩልሽ ነው።